«ሴቶቹ የት አሉ?» ስለ ሳፊ ፋይ ፊልሞች ለቀረበ ጥያቄ የተሰጠ ምላሽ

ጥያቄ፦ «ስለ አፍሪካ ሴት ፊልም ሠሪዎች የመመረቂያ ጽሑፍ እያዘጋጀሁ ነው። ሴኔጋላዊቷ ሳፊ ፋይ የሴቶችን ሕይወት በፊልም በመግለጥ ፈር ቀዳጅ እንደሆነች በየመጽሐፉ አነባለሁ። ነገር ግን ‹ካዱ ቤይካት› የተባለውን ፊልሟን ሳየው አብዛኛውን ሰዓት የሚናገሩት ወንዶች ናቸው፤ የሚያወሩትም ስለ ኦቾሎኒ፣ ስለ ዕዳና ስለ ግብር ነው። ሴቶቹ የት አሉ? ደግሞስ ይህን ያህል ስም ያላት ሴት የሠራቻቸው ረጃጅም ፊልሞች በጣት የሚቆጠሩ የሆኑት ለምንድን ነው?»

ምላሽ፦ ያስተዋሉት ነገር እውነት ነው። በ«ካዱ ቤይካት» ውስጥ ዛፍ ሥር ተሰብስበው የሚከራከሩትና ምሬታቸውን የሚያሰሙት በአብዛኛው ወንዶች ናቸው። ከዚህ ተነሥተው «ታዲያ የሴቶች ሕይወት ፊልም ሠሪ የምትባለው በምን ምክንያት ነው?» ብለው መጠየቅዎም ተገቢ ነው። የእኔ አስተያየት ግን ሳፊ ፋይ የሴቶችን ሕይወት የፈለገችው «የሴቶች ጉዳይ» ተብሎ በተከለለ ሥፍራ አይደለም የሚል ነው። የፈለገችው በእርሻው፣ በዘር ብድሩ፣ በጥሎሹና ሥራ ፍለጋ ቀዬውን ጥሎ በሚወጣው ባል ዱካ ላይ ነው። ስለዚህ ፊልሞቿን አንድ በአንድ ነጥሎ ማየት ያሳስታል፤ በተሠሩበት ቅደም ተከተል ሲታዩ ግን በ1975 ወንዶቹ ስለ ኦቾሎኒ ዋጋ ሲያወሩ የሰሙት ነገር በ1982 በአንዲት እናት ትከሻ ላይ አርፎ፣ በ1996 ደግሞ የአንዲትን ልጃገረድ ዕጣ ወስኖ ያገኙታል። እዚህ የምጠቅሳቸው ዓመታት፣ ለይቼ ካልገለጽሁ በቀር፣ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ከሕይወት ታሪኳ ለዚህ ጉዳይ የሚያስፈልገውን ብቻ ልጥቀስ። ሳፊ ፋይ በ1943 በዳካር ተወለደች፤ ቤተሰቧ ግን ከዋና ከተማዋ በስተደቡብ ከምትገኝ ፋድጃል ከምትባል የሴሬር ሕዝብ መንደር የመጣ ነው። ወደ ፊልም ከመግባቷ በፊት መምህርት ነበረች። በ1966 ዳካር የመጀመሪያውን የጥቁር ሕዝቦች ሥነ ጥበብ ዓለም አቀፍ ፌስቲቫል ስታስተናግድ ከፈረንሳዊው የኢትኖሎጂ (የሕዝቦችን ባህልና አኗኗር የሚያጠና ሙያ) ሊቅና ፊልም ሠሪ ከዣን ሩሽ ጋር ተዋወቀች፤ «ፔቲ አ ፔቲ» በተባለው ፊልሙም ተወነች። ከዚያ በኋላ ፓሪስ ገብታ በአንድ በኩል ኢትኖሎጂ፣ በሌላ በኩል በሉዊ ሉሚየር ትምህርት ቤት የፊልም ሙያ ተማረች፤ በ1979ም ስለ ሴሬር ሕዝብ ባደረገችው ጥናት የዶክትሬት ማዕረግ አገኘች።

ይህ የትምህርት ምርጫ በዘመኑ ቀላል ነገር አልነበረም። የአፍሪካ ሲኒማ አባት የሚባለው ሴምቤን ኡስማን በ1965 ከዣን ሩሽ ጋር ፊት ለፊት ባደረገው ውይይት አፍሪካውያንን እንደ ነፍሳት ትመለከቱናላችሁ ብሎ ወቅሶታል፤ ይህ ወቀሳ እስከ ዛሬ ድረስ ይጠቀሳል። ሳፊ ፋይ ግን ያንኑ የተወቀሰ ሙያ ተማረችና ካሜራዋን ይዛ ወደ አያቷ መንደር ተመለሰች። የምትቀርጻቸው ሰዎች ከልጅነቷ ጀምሮ የሚያውቋት ዘመዶቿ ነበሩ፤ የሚናገሩትም ለእንግዳ ተመራማሪ ሳይሆን ተምራ ለተመለሰች ልጃቸው ነው። ፊልሞቿን ሲያዩ ሰዎቹ ካሜራውን የማይፈሩበትና የማያሽቃብጡበት ምክንያት ይህ እንደሆነ አምናለሁ።

የመጀመሪያ ሥራዋ በ1972 የሠራችው «ላ ፓሳንት» የተባለ አሥር ደቂቃ ያህል የሚፈጅ አጭር ፊልም ነው። ራሷ ሳፊ ፋይ እየተወነች በፓሪስ ጎዳና ትሄዳለች፤ አንድ ፈረንሳዊና አንድ አፍሪካዊ ወንድ በየራሳቸው ምኞት ይመለከቷታል። ነገሩ በዚህ ያበቃል፤ ብዙ ንግግር የለበትም። ሆኖም በጽሑፍዎ ውስጥ ቦታ እንዲሰጡት እመክራለሁ፤ ምክንያቱም በሁለት ወገን በሚወረወር የወንድ ዓይን መካከል የምታልፍ ሴት ምን እንደምትሆን የጠየቀችው ገና ከመነሻዋ ነውና። «ሳፊ ፋይ በመጀመሪያ ስለ ገበሬ፣ በኋላ ስለ ሴት ሠራች» የሚለው የተለመደ አከፋፈል በዚህ አጭር ፊልም ብቻ ይፈርሳል።

ወደ «ካዱ ቤይካት» እንምጣ። ርእሱ የገበሬው ድምፅ እንደ ማለት ነው። በጥቁርና ነጭ፣ በጥቂት ባለሙያዎችና በአነስተኛ ገንዘብ፣ ከፈረንሳይ የትብብር ሚኒስቴር በተገኘ ድጋፍ በፋድጃል መንደር ተቀርጾ በ1975 ተጠናቀቀ። በፈረንሳይኛ «የገበሬ ደብዳቤ» ተብሎም ይታወቃል፤ የሳፊ ፋይ ድምፅ ከምስሉ ጀርባ ሆኖ ለወዳጅ እንደሚጻፍ ደብዳቤ ደኅንነትን ጠይቆ ይጀምርና የመንደሩን የዕለት ኑሮ ይተርካል። ልብ ብለው ካዳመጡ የመጀመሪያው መልስ እዚህ አለ፤ ዛፍ ሥር የሚነጋገሩት ወንዶች ናቸው፣ ደብዳቤውን የምትጽፈውና የማን ቃል ከማን ቀጥሎ እንዲሰማ የምትወስነው ግን ሴት ናት። በመጨረሻም ደብዳቤው የራሷ እንደሆነና የቀረው ሁሉ የገበሬ ወላጆቿ እንደሆነ ገልጻ ታመሰግናቸዋለች።

በዛፉ ጥላ የሚነሣውን የኦቾሎኒ ወሬ ለማለፍ መቸኮል አይገባም። ኦቾሎኒ በሴኔጋል በፈረንሳይ ቅኝ አገዛዝ ዘመን ለዘይት ፋብሪካዎች ተብሎ የተስፋፋ የገበያ ሰብል ነው። ከነጻነት በኋላም አገሪቱ ከዚሁ ሰብል ጥገኝነት አልወጣችም፤ ዋጋውን የሚቆርጠው መንግሥት፣ ምርቱን የሚረከበው በ1966 የተቋቋመው መንግሥታዊ ድርጅት፣ ዘሩንና ማዳበሪያውን በብድር የሚወስደው ደግሞ ገበሬው ነበር። ከ1960ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ ሳህል የሚባለውን ከሰሐራ በረሃ በስተደቡብ ያለ ምድር የመታው ድርቅ ሲጨመርበት ገበሬው ምርት ባይኖረውም ዕዳ አለው፤ መሬቱን ለኦቾሎኒ ስለ ሰጠም ለጓዳው የሚሆን እህል ያጥረዋል። ወንዶቹ በፊልሙ ውስጥ የሚያወሩት ይህንን ነው።

አሁን ከዚህ ወሬ ጎን ለጎን የሚሄደውን ታሪክ ያስታውሱ። ንጎር የተባለው ወጣት ኩምባን ሊያገባ ይፈልጋል፤ ኦቾሎኒው ስለ ከሸፈ ግን ጥሎሽ የሚከፍለው ገንዘብ የለውም። ገንዘብ ፍለጋ ዳካር ይወርዳል፣ በዚያም ጉልበቱ ይበዘበዛል፣ ከዚያ ወደ መንደሩ ተመልሶ ያየውን ለጓደኞቹ ይነግራል። ይህ ሁሉ ሲሆን ኩምባ ትጠብቃለች። የምትጋባበት ቀን የሚወሰነው ቢሮ ውስጥ በተቆረጠ የኪሎ ዋጋ ነው፤ የወንዶቹ ክርክር የእርሷ ጉዳይ የሚሆነውም በዚህ ነው። ሳፊ ፋይ ይህን በቃል አታስረዳም። ወንዶቹ ሲነጋገሩ ቆይተው ምስሉ ወደ ሙቀጫውና ወደ ምድጃው ሲዞር፣ ሴቶቹ ያለ ዕረፍት ሲወቅጡና ሲያበስሉ፣ ተመልካቹ ራሱ ያገናኘዋል። ወንዶቹ ጥላ ሥር ተቀምጠው ሲነጋገሩ ሴቶቹ ለመቀመጥ ጊዜ እንደሌላቸው በዓይን ይታያል። ስለዚህ «ሴቶቹ የት አሉ?» ላሉት ጥያቄ ቀጥተኛው መልስ «ሥራ ላይ ናቸው» የሚል ነው፤ እኔ ይህን መልስ ከፊልሙ እንጂ ከፊልሙ ተንታኞች አላገኘሁትም፤ ደግመው ሲያዩት ይመርምሩት።

ፊልሙ በ1976 በበርሊን ፌስቲቫል የዓለም አቀፍ የፊልም ሐያስያን ማኅበር ሽልማትን፣ በፈረንሳይም የዦርዥ ሳዱል ሽልማትን አግኝቷል። በሴኔጋል ግን የግብርና ፖሊሲውን ስለ ተቸ ታገደ። ፕሬዚዳንቱ ሊዮፖልድ ሴዳር ሴንጎር ራሳቸው የሴሬር ተወላጅና ገጣሚ ስለ ነበሩ ይህ እገዳ እኔን ሁልጊዜ ያሳዝነኛል፤ የገዛ ሕዝባቸው ገበሬ ተናግሮ የተሰማው በውጭ አገር አዳራሽ ነበር። በፊልሙ ውስጥ የሚታዩት የሳፊ አያትም ቀረጻው ባለቀ በጥቂት ቀናት ውስጥ ዐረፉ፤ ፊልሙን ለእርሳቸው መታሰቢያ አድርጋዋለች።

ለኢትዮጵያዊ አንባቢ እዚህ ላይ አንድ ጠቃሚ ንጽጽር አለ። ኃይሌ ገሪማ «ምርት ሦስት ሺህ ዓመት»ን የቀረጸው የንጉሠ ነገሥቱ ሥርዓት በሚናጋበት በ1974 ሲሆን ፊልሙ ለሕዝብ የቀረበው በ1976 ነው። ሁለቱም ፊልሞች በጥቁርና ነጭ የተሠሩ ናቸው፤ ሁለቱም ሙያተኛ ተዋናይ ባልሆኑ ሰዎች ተጠቅመው፣ የገበሬውን ሥራ ሳይቸኩሉ እያሳዩ ልብ ወለድን ከዘጋቢ ፊልም ጋር አዋሕደዋል። ልዩነታቸው ባላንጣው ላይ ነው። በኃይሌ ፊልም ባለመሬቱ ወንበሩ ላይ ተቀምጦ ይታያል፣ ይሳደባል፣ በመጨረሻም እርሱ ራሱ በሌላ ሰው ይመታል። በሳፊ ፊልም ግን ባላንጣው ፊት የለውም፤ የዋጋ ተመን፣ የብድር ወረቀትና የማይዘንብ ሰማይ ነው። ፊት የሌለው ባላንጣ ሊመታ አይችልምና ታሪኩ በዐመፅ ሳይሆን በደብዳቤ ይዘጋል። ጽሑፍዎ ለአገር ውስጥ አንባቢ የሚቀርብ ከሆነ ይህን ንጽጽር አንድ ንዑስ ክፍል ቢያደርጉት መልካም ይመስለኛል።

በዚሁ አጋጣሚ «የመጀመሪያዋ» የሚለውን ማዕረግ በጥንቃቄ ይጠቀሙበት። ካሜሩናዊቷ ቴሬዝ ሲታ ቤላ በ1963 የካሜሩን ብሔራዊ የውዝዋዜ ቡድን በፓሪስ ስላቀረበው ትርኢት አጭር ዘጋቢ ፊልም ሠርታለች። በፈረንሳይ የተወለደችውና አባቷ ከጓድሉፕ የነበሩት ሳራ ማልዶሮር ደግሞ በ1972 ስለ አንጎላ የነጻነት ትግል «ሳምቢዛንጋ»ን ሠርታለች፤ ያም ፊልም የታሰረ ባሏን ከእስር ቤት እስር ቤት የምትፈልግ ሴት ጉዞ ነው። የሳፊ ፋይ ቀዳሚነት ከእነዚህ የጠበበና የጠራ ነው፤ ከሰሐራ በስተደቡብ ከተወለዱ አፍሪካውያን ሴቶች መካከል ረጅም ፊልም ሠርታ ለንግድ ማሳያ ያበቃች የመጀመሪያዋ እርሷ ናት። ማዕረጉ እንዲህ ተለይቶ ሲነገር የሌሎቹን ድካም አይሸፍንም።

ቀጥሎ የመጣው «ፋድጃል» በ1979 ተሠርቶ በካን ፌስቲቫል «አን ሰርተን ርጋር» በተሰኘው ክፍል ታየ። መክፈቻውን በዝርዝር ማየት ይገባል። የመንደሩ ልጆች በክፍል ውስጥ ሉዊ 14ኛ የፈረንሳይ ታላቅ ንጉሥ እንደ ነበረ በፈረንሳይኛ በቃላቸው ይወጣሉ። ከዚያ ልጆቹ ከክፍል ወጥተው ዛፍ ሥር ከሽማግሌዎቹ ጋር ተቀምጠው የገዛ መንደራቸውን ታሪክ ሲጠይቁ እናያለን። ሽማግሌዎቹ ከሚተርኩት መካከል ለእርስዎ ጽሑፍ ትልቁ ነገር ይህ ነው፤ መንደሯን የቆረቆረችው ምባንግ ፋዲያል የምትባል ሴት ናት። የሴሬር ሕዝብ ከአባትም ከእናትም ወገን ዘር የሚቆጥርና የሚወርስ ነው፤ የመሬቱ የመጀመሪያ ስም ሴት መሆኑም ለሽማግሌዎቹ እንግዳ ነገር አይደለም።

ይህ ትረካ እንዲያው ለትዝታ የገባ አይደለም። የሴኔጋል መንግሥት በ1964 ባወጣው የብሔራዊ መሬት ሕግ አብዛኛው የገጠር መሬት በልማድ የያዙት ሰዎች መሆኑ ቀርቶ የመንግሥት ሆነ። ስለዚህ መሬቱን ማን አቀና፣ ማን ለማን አወረሰ የሚለው የቃል ታሪክ የባለቤትነት ማስረጃ ነው፤ ሕጉ ግን ይህን ማስረጃ አይቀበልም። የእኛ አንባቢ በእኛ አቆጣጠር የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የወጣውን የገጠር መሬት አዋጅ ስለሚያስታውስ፣ መሬት በአንድ ወረቀት ባለቤት ሲቀይር መንደር ውስጥ ምን ዓይነት ንግግር እንደሚነሣ ለመረዳት አይቸገርም፤ ምንም እንኳ የእኛው አዋጅ ያነጣጠረው በባላባት ላይ፣ የእነርሱ ሕግ የነካው ደግሞ በወል የተያዘ ርስት ላይ ቢሆንም።

ከ1979 በኋላ ባሉት ዓመታት ሳፊ ፋይ ብዙ አጫጭርና መካከለኛ ሥራዎችን ሠራች፤ ከእነዚህም አንዳንዶቹ በጀርመን ቴሌቪዥንና በተባበሩት መንግሥታት ድርጅቶች ገንዘብ የተሠሩ ነበሩ። በርሊን በነበረችበት ጊዜ የሠራችው «ማን ሳ ያይ» በዚያ ከተማ የሚማር ሴኔጋላዊ ወጣት ከእናቱና ከቤተሰቡ የሚደርሰውን ደብዳቤ ተከትሎ የሚሄድ ፊልም ነው፤ ደብዳቤው በፍቅርም በገንዘብ ጥያቄም የተሞላ ነው። ዘመዱን አሜሪካ ወይም ዐረብ አገር የላከ ወይም ራሱ ተልኮ የሄደ ኢትዮጵያዊ ሁሉ ይህን ፊልም ያለ አስተርጓሚ ይረዳዋል። በ1984 የሠራችው ደግሞ በፓሪስ ስለሚገኙ የስደተኞች ምግብ ቤቶች ነው። እነዚህን በአጭሩ ጠቅሰው ቢያልፉ ጽሑፍዎ አይጎዳም።

«ሰልቤ እና ሌሎች ብዙዎች» የተባለውን የ1982 ፊልም ግን በአጭሩ ማለፍ አይቻልም። ፊልሙ ሠላሳ ደቂቃ ያህል ነው፤ የተሠራው በዩኒሴፍ ድጋፍ፣ የልማት ድርጅቶች ስለ ገጠር ሴቶች በሚያዘጋጁት ዓይነት መርሐ ግብር ውስጥ ነው። እንዲህ ዓይነቱ ፊልም አብዛኛውን ጊዜ ምን እንደሚመስል እናውቃለን፤ አዋቂ ድምፅ ከላይ ሆኖ ቁጥር ይጠራል፣ ሴቲቱ ከታች ውኃ ትቀዳለች። ሳፊ ፋይ ያደረገችው ሌላ ነው። ሰልቤ 39 ዓመቷ ነው፣ ስምንት ልጆች አሏት፤ ባሏ ሥራ ፍለጋ ከመንደር ወጥቷል። ካሜራው ከእርሷ አይለይም፤ ከማለዳ ጀምሮ ለልጆቿ የዕለት ጉርስና ለገበያ የሚሆን ጥቂት ነገር ለማግኘት ስትደክም ይከተላታል። ሳፊ ከካሜራው ጀርባ ሆና ትጠይቃለች፣ ሰልቤም እጇ ከሥራው ሳይነሣ ትመልሳለች።

ይህን አጠያየቅ ቀረብ ብለው ይመልከቱት። ለቃለ መጠይቅ ተብሎ የተዘጋጀ ወንበር የለም፤ ሰልቤ ለመናገር ሥራዋን አታቆምም፤ ብታቆም ልጆቹ ይራባሉና። ጠያቂዋም የባለሥልጣን ድምፅ የላትም፤ ሁለት ሴቶች የሚጨዋወቱ ይመስላል። በዚህ ጨዋታ ውስጥ ሰልቤ ስለ ባሏ ያለችውን ትላለች፣ ስለ ልጆቿ ትሠጋለች፣ ስለ ድካሟ ትናገራለች፤ ነገር ግን እንድናዝንላት አትጠይቅም። በ«ካዱ ቤይካት» ንጎር ገንዘብ ፍለጋ ሲወጣ አይተን ነበር፤ እዚህ ደግሞ ወንዶቹ ከወጡ በኋላ መንደሩ ምን እንደሚመስል እናያለን። የኦቾሎኒው ዕዳ ወንዱን ወደ ከተማ ገፋው፤ የእርሱን ድርሻ ሥራ ተረክባ የቀረችው ግን ሚስቱ ናት። የርእሱ ሁለተኛ ክፍል፣ «ሌሎች ብዙዎች» የሚለው፣ ሰልቤን ወደ ቁጥር የሚለውጣት መስሎ ሊታይ ይችላል፤ እኔ ግን በተቃራኒው አነበዋለሁ፤ ብዙዎቹ እያንዳንዳቸው ሊተረክ የሚችል ይህን ያህል ቀን እንዳላቸው የሚያስገነዝብ ነው። በእኔ ግምት የሳፊ ፋይ ትልቁ ሥራዋ ይህ አጭር ፊልም ነው፤ ብዙዎቹ የሲኒማ ታሪክ መጻሕፍት ግን ከረጃጅሞቹ በኋላ በአንድ ዐረፍተ ነገር ብቻ ያነሡታል።

«ሞሳን» የመጨረሻዋ ረጅም ፊልም ናት። በቀለም፣ ከጀርመናዊው የካሜራ ባለሙያ ከዩርገን ዩርገስ ጋር የተሠራች፣ ዝነኛዋ የሴሬር አዝማሪ ያንዴ ኮዱ ሴን ዜማ ያደመቀቻት ናት። የ14 ዓመቷ ሞሳን ባሕር ዳር ባለ መንደር የምትኖር እጅግ የተዋበች ልጅ ናት፤ የገዛ ወንድሟ ሳይቀር በውበቷ ታሟል። ልቧ ያለው ከዩኒቨርሲቲ ወደ መንደሩ ከተመለሰው ድኻ ተማሪ ከፋራ ጋር ነው፤ ወላጆቿ ግን ከልጅነቷ ጀምሮ ፈረንሳይ ለሚኖረው ለዲዮጎይ ቃል ገብተዋታል። ዲዮጎይ ገንዘብና ስጦታ ይልካል፤ ሠርጉ የሚፈጸመው ሙሽራው በሌለበት ነው፤ ሞሳን በሰው ፊት እምቢ ትላለች፣ በሌሊት በታንኳ ትሸሻለች፣ ባሕሩም ያስቀራታል።

ይህን ታሪክ የልማድና የነጻነት ግጭት አድርጎ መተረክ ቀላል ነው፤ ብዙዎችም እንደዚያው አድርገዋል። ከቀደሙት ፊልሞች ጋር አያይዞ ለሚያየው ግን ሌላ ነገር ይታየዋል። ጋብቻውን አጥብቃ የምትፈልገው እናቷ ናት፤ እናቷም ጨካኝ ሆና አልተሣለችም። እንደ ሰልቤ ያለ ኑሮ ምን እንደሆነ የምታውቅ፣ ልጇ ከዚያ እንድትድን የምትመኝ፣ የቤቱም ጣራ ከፈረንሳይ በሚመጣ ገንዘብ እንደሚቆም የምታሰላ ሴት ናት። የኩምባን ሠርግ ያዘገየው የኦቾሎኒ ገንዘብ መጥፋት ነበር፤ የሞሳንን ሠርግ ያፋጠነው ደግሞ የስደተኛ ገንዘብ መምጣት ነው። በሁለቱም ጊዜ ልጅቷ ምን እንደምትፈልግ የጠየቃት የለም። ሳፊ ፋይ ደግሞ ይህችን ልጅ ሰለባ ብቻ አድርጋ አላቀረበቻትም፤ ሰውነቷን የምታውቅ፣ ከጓደኛዋ ጋር ስለ ፍቅር በግልጥ የምታወራ፣ የምትስቅ ልጅ ናት። እነዚያ ትዕይንቶች በአገሯ አንዳንዱን ተመልካች አስቆጥተዋል፤ ያለ እነርሱ ግን የሞሳን እምቢታ ከየት እንደ መጣ አይገባንም ነበር።

አሁን ወደ ሁለተኛው ጥያቄዎ፣ ማለትም ወደ ሥራዎቿ ማነስ እመለሳለሁ። «ሞሳን» የተቀረጸችው በ1990 ሲሆን ለተመልካች የደረሰችው በ1996 በካን ነው። በመካከል ያሉት ስድስት ዓመታት በስንፍና ወይም በጥርጣሬ አልባከኑም፤ ፊልሙ የማን እንደሆነ ለመወሰን በተደረገ የሕግ ክርክር ተያዘ። ባለሙያዋ በገዛ ሥራዋ ላይ ያላትን መብት ለማስመለስ ስድስት ዓመት ስትታገል ሌላ ፊልም ልትጀምር አትችልም። ከዚያ በፊት የነበረውም ሁኔታ የተሻለ አልነበረም። በዚያ ዘመን በፈረንሳይኛ ተናጋሪ አፍሪካ ፊልም ለመሥራት ዋናው በር የፈረንሳይ ትብብር ሚኒስቴር ነበር፤ እርሱ ካልሆነ የአውሮፓ ቴሌቪዥኖችና ዓለም አቀፍ ድርጅቶች ናቸው። እነዚህ ደግሞ ከአፍሪካዊት ሴት በብዛት የሚያዝዙት ስለ ጤና፣ ስለ ሴቶችና ስለ ልማት የሚናገር የሠላሳ ደቂቃ ፊልም ነው። ሳፊ ፋይ ትእዛዙን ተቀብላ በውስጡ የራሷን ሥራ ሠራች፤ «ሰልቤ» የዚህ ምስክር ናት። ሆኖም የአንድን ሰው ሙሉ የሥራ ዘመን በረጅም ፊልም ቁጥር ብቻ የሚመዝን ሰው ይህን ሁሉ አያየውም። በዚያ ላይ ሴት ልጇን ያሳደገችው ከእነዚህ ሥራዎች ጎን ለጎን ነው፤ ስለ ልጇ በበርሊን ቆይታ የሠራችው አጭር ፊልም እንኳ አለ። በጽሑፍዎ የፊልሞቹን ዝርዝር ሲያቀርቡ ከእያንዳንዱ ጎን ገንዘቡ ከየት እንደ መጣ ይጻፉ፤ የቁጥሩ ማነስ ምክንያት በዚያ ዓምድ ውስጥ ይገኛል።

ሳፊ ፋይ «የሴቶች ፊልም ሠሪ» በሚለው መጠሪያ ብዙ አትደሰትም ነበር። በገጠር አፍሪካ ሴት ከማኅበረሰቡ ተነጥላ እንደማትኖር፣ ስለዚህም በፊልም ተነጥላ ልትታይ እንደማይገባት በቃለ መጠይቆቿ ተናግራለች። አንዳንድ ተመራማሪዎች ይህን አቋም የሴቶችን ጥያቄ ለማለሳለስ የተባለ አድርገው ይወስዱታል። እኔ አልስማማም። ወንዱን ከፊልሙ ብታስወጣ ኖሮ የሰልቤ ድካም ከየት እንደ መጣ ማሳየት ባልቻለችም ነበር፤ የባልየው መሄድ፣ የዕዳውና የዋጋው ነገር አብሮ ይወጣልና።

ጽሑፍዎን ከኢትዮጵያ ጋር ሊያገናኙ ካሰቡ ከሁሉ የሚቀርብዎት የሳሌም መኩሪያ «ስደት» ነው። በአሜሪካ የኖረችውና በዌልስሊ ኮሌጅ ያስተማረችው ሳሌም በ1991 ባቀረበችው በዚህ ዘጋቢ ፊልም ከኢትዮጵያና ከኤርትራ ወጥተው በሱዳን በስደት የሚኖሩ ሦስት ሴቶችን ታሪክ ትከተላለች። «ሰልቤ»ንና «ስደት»ን በተከታታይ ይዩአቸው፤ ሁለቱም ውጭ አገር ተምረው ወደ ገዛ ወገናቸው ካሜራ ይዘው የተመለሱ ሴቶች ሥራዎች ናቸው። ሲያዩም የሚነገረውን ብቻ አይመዝግቡ፤ ጠያቂዋ የት ቆማለች፣ ድምፅዋ ይሰማል ወይስ ተቆርጧል፣ ተጠያቂዋ ስትናገር እጇ ምን እየሠራ ነው የሚለውን ለእያንዳንዱ ትዕይንት ለይተው ይጻፉ። «ፋድጃል» ታድሶ በ2018 በካን ከጥንታውያኑ ፊልሞች ጋር እንደ ገና ስለ ታየ ጥሩ ቅጂ አለው፤ የትምህርት ክፍልዎ በፈረንሳይ የባህል ማዕከል በኩል እንዲጠይቅልዎት ያድርጉ። ሳፊ ፋይ በየካቲት 2023 በፓሪስ ስላረፈች አዲስ ቃለ መጠይቅ ማግኘት አይቻልም፤ ስለዚህ ከ1970ዎቹ ጀምሮ የሰጠቻቸውን ቃለ መጠይቆች በየዓመታቸው ለይተው ያንብቡ፤ በ1976 የተናገረችውንና ከ«ሞሳን» በኋላ የተናገረችውን አንድ ላይ አይደባልቁ።